በሰልፉ ጫፍ የቀረች ቦታ

በፍኖተ ሰላም ከተማ በርበሬ የማያስነጥሰው ሰው ይፈለግ ቢባል ሠርክአዲስን የሚያህል አይገኝም። የአባቷ የአቶ ባምላኩ መጋዘን መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከሽንዲ የሚመጣ ዛላ በርበሬ በጆንያ ታጭቆ እስከ ጣሪያው ይደረደርበታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አላፊ አግዳሚው ያስነጥሳል፤ ሾፌሩ ያስነጥሳል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እንደጎረሰ ያስነጥሳል። እሷ ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች «ይማርህ» ትላለች።

ስለዚህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቤቱ በዝክር ተጨናንቆ ሳለ፣ ጓዳው በር ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ ሲያቀር ማንም በበርበሬ ሊያመካኝላት አልቻለም። ግቢው መሐል፣ ጠራራው ፀሐይ ላይ፣ ሰዎች ቆመዋል። የቆሙት ስለ እሷ ነው። ተቀመጡ የሚላቸው ግን አላገኙም።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በነበረው ክረምት ነው። ያኔ ሠርክአዲስ አንገቷን የደፋች ልጅ ነበረች። አስረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት አልመጣላትም፤ ጓደኞቿ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እሷ መጋዘን ገባች። ጧት ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ትከሻዋ ጎበጠ፣ እህል አስጠላት፣ ከሰው ጋር ማውራት ዳገት ሆነባት። እናቷ ወይዘሮ አቻምየለሽ «ልጀን ዓይን በላት» ብለው አለቀሱ። አባቷ ጸበል አመላለሷት። ጸበሉን አልጠላችውም፤ ግን ስትመለስ የሚጠብቃት ያው ጆንያ ነው።

የመጋዘኑ በረንዳ ሰፊ ስለሆነ ቤት የሌለው ሁሉ እየተጠጋ ያድርበታል። አቶ ባምላኩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ጧት በሩን ይልቀቁልኝ እንጂ ይደሩ» ባይ ናቸው። በሩን የማስለቀቁ ሥራ የሠርክአዲስ ነበር። በጃንጥላዋ ጫፍ ካርቶናቸውን መታ መታ ታደርግና «ተነሡ፣ ልከፍት ነው» ትላለች። ስማቸውን አታውቅም፤ ጠይቃም አታውቅ።

አንድ የነሐሴ ማለዳ ስትመጣ በረንዳው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ካርቶኖቹ ታጥፈው ጥግ ይዘዋል። ደነገጠች፤ መደንገጧም ራሷን ገረማት። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ሜዳ ድምፅ ይሰማል። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።» ጃንጥላዋን ዘርግታ ድምፁን ተከተለች።

የበረንዳው ሰዎች ጭቃው ላይ ተሰልፈው እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ። ከፊት ቆሞ የሚቆጥርላቸው አንዷለም የሚባለው ነው። የሽንዲ ገጠር ልጅ ነው፤ ለወረዳው ሮጦ ስሙ የተጠራ። ሯጭ ሊሆን ከተማ ገብቶ ጉልበቱ ከዳው። እናት አባቱ በዚያው ሰሞን ሞቱበት፤ በባዶ እጅ አገር መግባት አፈረና ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ።

ስፖርቱን ያስጀመሩት ሳያውቁት አያ አለበል ናቸው። የድሮው ሠራዊት ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው የመጡ ወታደር ናቸው፤ ከበረንዳው ሰው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። አንድ ጧት እግራቸው በብርድ ደርቆ አልታጠፍ አልዘረጋ አላቸው። አንዷለም አሻሽቶ አስነሣቸው፤ «እጅዎን ያንሱ፣ ያውርዱ፣ ይርገጡ» እያለ ሜዳውን አዞራቸው። በማግስቱ መሪጌታ ይርሳው ተከተሉ። ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ሲጠፋ ደቀ መዛሙርታቸውም ተበትነው ቀሩ። ከዚያ ሀብትነሽ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ለብቻው የተኛውን ብርድ ይበላዋል፤ አብሮ የተነሣውን ግን እንዴት አድርጎ ይደፍረዋል?

ሠርክአዲስ ጃንጥላዋን ይዛ ዳር ላይ ቆመች። አንዷለም ቆጠራውን ሳያቋርጥ አያት። አንዱ ዙር ሲያልቅ፣

«ከቆምሽ አይቀር ከሰልፉ ግቢ» አላት። «የቆመ ሰው ይበርደዋል።»

«ጃንጥላየስ?»

«ለሀብትነሽ ልጅ ስጭው። ከኛ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈልገው።»

ለምን እሺ እንዳለች ዛሬም አታውቀው። ከሰልፉ ጫፍ፣ ከመሪጌታ ይርሳው ቀጥላ ቆመች። መሪጌታ ስለማያዩ ቦታቸውን የሚለዩት ግራና ቀኛቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ነኩ።

«ይህ ትከሻ እንግዳ ነው» አሉ። «ደግሞ ጎብጧል። ግድ የለም፣ እኔም ጎብጨ ነው የመጣሁ።»

ሠርክአዲስ ስንት ጊዜዋ መሆኑ ነው፣ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ መጋዘኑን ከመክፈቷ በፊት ሜዳ መውረድ ልማዷ ሆነ። ለመሪጌታ ሲባል ሁሉም የጀመረበትን ቦታ ይዞ ይቀራል፤ ከመሪጌታ ቀጥላ ያለችው ቦታም የሷ ሆነች። ብትቀርም አይይዙባትም። አንዷለም ይቆጥራል። ያ ሰው ቁጥር ስቶ አያውቅም፤ የባሕር ዳር ሾፌሮች ሳይቀሩ በሱ ቆጠራ ሞተራቸውን ያሞቃሉ።

ሰዎቹም ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ሆኑ። ዱሮ ሾፌሩ አንዱን ከአንዱ እያጫረተ በርካሽ ያሸክማቸው ነበር። በአንድ ድምፅ ሲቆጥሩ የከረሙ ሰዎች ግን በአንድ ድምፅ መናገርም ይለምዳሉ። ቀበሌ ሄደው የጫኝና አውራጅ ማኅበር ሆነው ተደራጁ፤ ከሜዳው ወዲያ ቤት ተከራዩ። መጀመሪያ ሀብትነሽና ልጇ ገቡ፣ ቀጥሎ አሮጌዎቹ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ቤቱ ስለጠበበ አንዷለም «እኔ መጨረሻ» አለና በረንዳው ላይ ቀረ።

የሠርክአዲስም ወገብ ተቃና። እህል ጣማት፤ ምጣድ ላይ እንዳለ ተልባ መንጣጣት ጀመረች። አቶ ባምላኩ ይህን አይተው «ሚካኤል ፈወሰልኝ» አሉና ለኅዳር ሚካኤል ትልቅ ዝክር ተሳሉ። ልጅቷ እውነቱን ለመናገር አፏን እየከፈተች መልሳ ትዘጋዋለች። ከበረንዳ አዳሪ ጋር ጭቃ ላይ እዘላለሁ ብሎ ለአባት እንዴት ይነገራል?

ፍቅሩ መቼ እንደገባ ሁለቱም አያውቁትም። ገብቶ ተገኘ፣ በቃ። እሱ ሲቆጥር ዓይኑ ከሰልፉ ወዲያ ማዶ ይሄድና ሲመለስ ጫፉ ላይ ያርፋል። እሷም ያንን ታውቃለች፤ ዓይኑ ሲያርፍባት እጇን ከሌላው ጊዜ ከፍ አድርጋ ታነሣለች። ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም። ለነሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይበቃቸዋል።

የካፖርቱ ነገር መጣና ይህን ሰላም አደፈረሰው። በጥቅምት ብርድ እሱ ብቻውን በረንዳ ላይ ማደሩ ሲያሳስባት ከረመና፣ አባቷ የማይለብሱትን ወፍራም ካፖርት ከቁም ሣጥን አውጥታ ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበለ። በማግስቱ ሜዳ ስትወርድ ካፖርቱን የለበሱት አያ አለበል ናቸው።

ፊቷ ጠቆረ። ስፖርቱ ሲያልቅ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀችው።

«የሰጠሁህን ንቀህ ነው?»

«አልናቅሁትም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸው? እኔ እኮ የሰጠሁት ላንተ ነው።»

አንዷለም ካቀረቀረበት ቀና አለ። 

«ሠርክዬ፣ ሌላ ሰው ቢሰጠኝ እለብሰው ነበር። ከአንች እጅ ተቀብየ ከለበስሁት ግን ባየሽኝ ቁጥር የምታይው የራራሽለትን ሰው ነው። ለብርዱ እችላለሁ። በአንች ዓይን ለማኝ መሆንን ግን አልችለውም።»

ይህን ስትሰማ ቁልፏ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣላት፤ ሲሰጣት ጣቶቹ በጣቶቿ ላይ ከሚገባው በላይ ቆዩ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው በዓይኔ መታየት የምትፈልግ?» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷ እንኳ እምብዛም ሳይሰማት።

«ሽማግሌ የሚልክ ሰው ሆኘ።»

ያን ቀን ሠርክአዲስ ስንት ጆንያ እንደገባና እንደወጣ አታውቅም። ቢጠይቋት አንዱንም አትመልስም።

በማግስቱ አንዷለም ሜዳ አልነበረም። በሦስተኛውም ቀን የለም። የሚቆጥሩት አያ አለበል ናቸው፤ ወታደር ናቸውና ቆጠራቸው ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል። ሠርክአዲስ የገባው ቃል አስፈርቶት እንደጠፋ ቆጠረችው። ማታ ስትዘጋ በረንዳው ላይ የታጠፈችውን ካርቶን አየችና ልቧ እንደዚያች ካርቶን ታጥፎ ቀረ።

በዚያው ሳምንት አባቷ ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። የደምበጫ ነጋዴ፣ አይሱዙ ያለው፣ ለልጁ ሊጠይቃት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከሚካኤል በኋላ ባለው እሑድ ይመጣሉ። «ደኅና ቤት ነው» አሉ አቶ ባምላኩ፣ ሞቅ ባለ ድምፅ። እሷ ዝም አለች። ዝምታ በዚህ አገር እሺታ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ማንን ይዛ እምቢ ትበል?

አንዷለም ለዝክሩ ሁለት ቀን ሲቀር ማታ ተመለሰ። ከሽንዲ ማዶ እስካለው አገሩ ሄዶ፣ አጎቶቹን ደጅ ጠንቶ፣ ሽማግሌ ለምኖ ነበር። «ደጃፍ የሌለው ሰው ምን ይዞ ልጅ ይጠይቃል? እኛንም አታዋርደን» ብለው ሸኙት። ይህን ለሠርክአዲስ የነገረቻት ሀብትነሽ ናት። እሱ ራሱ በማግስቱ ሜዳው ላይ አላያትም፤ ዓይኑ ማዶ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«ሽማግሌ አጣ እኮ» አለች ሀብትነሽ። «ሰው አጣሁ ብሎ ማታ አለቀሰ። አያ አለበል ተቆጡት።»

«ምን ብለው?»

ሀብትነሽ ልጇን ወደ ጀርባዋ እየሳበች «እሱን አንች አትጠይቂ» አለች። ፈገግታዋ ግን ብዙ ነገር የደበቀ ነበር።

የሚካኤል ዕለት የአቶ ባምላኩ ግቢ ሞላ። ዳስ ተጥሏል። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረሰንበት መደቡ ላይ ከክብር እንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። ነዳያን አጥሩ ሥር ተደርድረው ይመገባሉ። አቶ ባምላኩ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም «ልጄን ላዳነልኝ ነው» ይላሉ።

ረፋድ ላይ የግቢው በር ተከፈተና የሜዳው ሰዎች ገቡ። ልብሳቸው ታጥቧል፣ ጸጉራቸው ተስተካክሏል። አያ አለበል ካፖርቱን ለብሰው ከፊት ናቸው። መሪጌታ ይርሳው መቋሚያቸውን ይዘዋል። ሀብትነሽም አለች። እንደ ልማዱ ጠያቂው ራሱ አይመጣምና አንዷለም የለም። ሠርክአዲስ ከጓዳው በር ስታያቸው የያዘችው ሰሃን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እሰይ፣ የበረንዳየ ሰዎች መጣችሁልኝ?» አሉ አቶ ባምላኩ በደስታ። «በሉ እዚያ አጥሩ ሥር አረፍ በሉ። አንች ልጅ፣ ለነዚህ እንጀራ አምጭ።»

ሠርክአዲስ አቀረበች። ማንም እጁን አልዘረጋም። አያ አለበል ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ብሉ እንጂ» አሉ አቶ ባምላኩ። «የሚካኤል ዝክር ይገፋል እንዴ?»

«አልራበንም አንልም፣ አቶ ባምላኩ» አሉ አያ አለበል። «ርቦናል። ዝክሩም ይድረስልዎ። ግን አንቀምስም። አንቀመጥምም።»

አጥሩ ሥር ያሉት ነዳያን ማላመጣቸውን አቆሙ። ዳሱ ውስጥ ጠላ የያዘው እጅ ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ። በጎጃም ሰው ግቢ ገብቶ፣ ቆሞ፣ እህል አልቀምስም የሚል እንግዳ ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። አቶ ባምላኩ ብቻ፣ ለነዳያን እንጀራ ሲያዝዙ የነበሩት፣ ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ቆዩ። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።

መሪጌታ ይርሳው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

«የመጣነው ለልመና ነው፤ ለእንጀራ ልመና ግን አይዶለም። ልጅ አለን፤ አንዷለም ይባላል። ልጅ አለዎት፤ ሠርክአዲስ ትባላለች። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ቆመናል።»

«የማን ልጅ ነው ይህ አንዷለም?»

«ወላጆቹ በሽንዲ በኩል የታወቁ ጭዋ ነበሩ፤ አርፈዋል። አሁን የኛ ልጅ ነው።»

«የት ነው ቤታችሁ?»

«እስከ አምና የእርስዎ በረንዳ ነበር» አሉ መሪጌታ በጨዋ ድምፅ።

ዳሱ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። አቶ ባምላኩ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው አያ አለበል ላይ ተተክሏል።

«ይህ ካፖርት የኔ አይዶለም?»

«የእርስዎ ነው። ልጅዎ ለልጃችን ሰጠችው፤ እሱ አልለብስም ብሎ እኔን አለበሰኝ። ዛሬ የለበስሁት በርዶኝ አይዶለም። ሽማግሌ ራቁቱን አይላክም ብየ ነው።»

አቶ ባምላኩ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። ሠርክአዲስ ዓይኗን ሰበረች። አባቷ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባቸው፤ ከንዴታቸው ይልቅ ግን መታለላቸው አመማቸው።

«በረንዳየን ሰጠኋችሁ» አሉ ቃላቸው እየተቆራረጠ። «አሁን ደግሞ ልጀን። እሑድ የደምበጫ ሰዎች ይመጡብኛል፤ ምን ልላቸው ነው? በረንዳ አዳሪ ቀደማችሁ ልበል? ቆማችሁ የለ፣ ቁሙ እንግዲህ። እስክትጠግቡ ቁሙ።»

ጀርባቸውን ሰጥተው ዳሱ ውስጥ ገቡ።

ዝክሩ ቀጠለ፤ ቢቀጥልም ጣዕሙ ጠፋ። የሜዳው ሰዎች አልተንቀሳቀሱም። ፀሐይ ከአናታቸው ላይ ወጥታ ቆመች። የአያ አለበል እግር ሲንቀጠቀጥ ሠርክአዲስ ከሩቅ አየችው፤ ያው በብርድ ደርቆ የነበረው እግር ነው። ሽማግሌው ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ተጠንቀቅ» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ደረቱን ነፋ፤ ትከሻ ከትከሻ ገጠመ።

ያኔ ነው ሠርክአዲስ ያየችው። አቋቋማቸው እንደ ሽማግሌ አቋቋም አይደለም፤ እንደ ጧቱ ነው። ለመሪጌታ ሲባል እያንዳንዱ የሜዳ ቦታውን ይዟል። ከሳቸው ቀጥሎ፣ በሰልፉ ጫፍ፣ የአንድ ሰው ስፍራ ባዶ ነው። መሪጌታ በግራ እጃቸው አየሩን ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን መለሱ። ማንንም አልጠሩም። ቦታዋን ብቻ ጠበቁላት።

ሰሃኑን አስቀመጠች።

«ወዴት ነው አንች?» አሉ እናቷ ደንግጠው። «ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አትወጣም። ኧረ ተይ፣ ጉድ አታድርጊን።»

«እማ፣ ቦታየ ባዶ ሆኗል» አለች።

ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ጫፉ ላይ ደረሰች፤ ዞራ ቆመች፤ እጆቿን ወደ ጎን አወረደች። መሪጌታ ትከሻዋን ነኩ። «ይህ ትከሻ እንግዳ አይዶለም» አሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ።

 አቶ ባምላኩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አንች ልጅ፣ ግቢ።»

«አባባ፣ እርስዎን ንቄ አይዶለም» አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ጧት ጧት እዚህ ነው የምቆም። ጎብጨ ሳለሁ በጃንጥላ ጫፍ የቀሰቀስኋቸው ሰዎች ናቸው ቀና ያደረጉኝ። እህል የጣመኝ ከነሱ ጋር ላብ ሲያልበኝ ነው። እሺ እስኪሉኝ እቆማለሁ አልልም። እምቢ ቢሉም ልጅዎ ነኝ። እነሱን አቁመው ግን እኔን አያስቀምጡኝ።»

 ቄስ ገብረሰንበት ናቸው ከመደቡ ላይ ዝግ ብለው የተናገሩት።

«ባምላኩ፣ ይህን ሁሉ የደገስህ ልጀን አዳነልኝ ብለህ ነው።»

«ነው፣ አባ።»

«መልአክም የሚልከው ሰው ነው። እሱ የላካቸውን ፀሐይ ላይ አቁመህ፣ ምን ብለህ ነው ለሱ የምትዘክር?»

 አቶ ባምላኩ ልጃቸውን አዩዋት። ያ ትከሻ ያን ያህል ቀጥ ያለው ከመቼ ወዲህ ነው? በዓመት ውስጥ በየቀኑ አይተውታል፤ ተደስተውበታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አንድ ቀን አልጠየቁም። አሁን ሲያዩት ከአሮጌው ወታደር ትከሻ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው፣ ከዓይነ ስውሩ መሪጌታ ጋር፣ ከባለ ሕፃኗ ጋር።

እየተራመዱ መጡ። አያ አለበል ፊት ሲደርሱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ።

«ልጁ አሁንም በረንዳየ ላይ ነው የሚያድር?»

«እዚያው ነው። እኛን ሁላችንን ካስገባ በኋላ ለሱ አንዲት ክፍል ለይተንለት ነበር። ለብቻየ አልገባም አለ።»

የአቶ ባምላኩ ከንፈር ሳይፈልጉ ፈገግ አለ። የሽማግሌውን ክንድ ያዙ።

«ከአጥሩ ሥር አይዶለም» አሉ። «ወደ መደቡ ውጡ። ከአባ ጎን።»

«መልሱን ሳንሰማ?»

«መልሱ እሱ ነው። ለደምበጫ ሰዎች ዛሬውኑ ሰው እልካለሁ። ቤታችን ነው በሉና ብሉበት።»

አያ አለበል ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ወደ ሰልፉ ዞሩ። ስንት ዓመት ማንም ያልታዘዘላቸው ወታደር ድምፃቸውን አሰባሰቡ።

«አሳርፍ» አሉ።

ሰልፉ ተነፈሰ። ሀብትነሽ እልል አለች፤ ወይዘሮ አቻምየለሽም ከጓዳ፣ መጀመሪያ አፍረው፣ ኋላ ከሁሉ አስበልጠው ተቀበሏት። ሠርክአዲስ እንጀራውን ራሷ አቀረበች። አሁን ሁሉም እጁን ዘረጋ። 

በማግስቱ ማለዳ መጋዘኑ ጋ ስትደርስ በረንዳው ባዶ ነው። ካርቶንም የለም። ቁልፉን ኪሷ ከታ፣ ሳትከፍት፣ ሜዳ ወረደች።

ጉም ነበር። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከመሪጌታ ቀጥላ ገባች። አንዷለም ከፊት ቆሟል፤ ትናንት ከሰማው ነገር በኋላ እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ ያስታውቅበታል። ሊያያት ፈራ፤ ማዶውን እያየ ጀመረ።

«አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።»

ዓይኑ እንደ ልማዱ ከማዶ ተመልሶ ጫፉ ላይ አረፈ። እሷም እጇን ከፍ አድርጋ አነሣች፤ በዚያ ጧት ደግሞ ሳትደበቅ ሳቀችለት።

«ስድስት» አለ አንዷለም። «ስድስት። ስድ...»

ሰልፉ እጁን እንደሰቀለ ቀረ። ከመናኸሪያው በኩል ሞተሩን ያሞቅ የነበረ አንድ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አወጣ። አንዷለም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ እሱም የለየው አይመስልም።

«ግድ የለም ልጀ» አሉ አያ አለበል፣ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ከአንድ ጀምር።»